የሞተ ሳይኖር የተጠራ እድር

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ኅዳር ይሁን ታኅሣሥ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራክሬበታለሁ። ቅዳሜ እንደነበረ ግን አውቃለሁ። መንገዱ በረዶ ጋግሮ፣ ሰው እንዳይንሸራተት ጠጠር በትነውበት፣ ጠጠሩ ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም የኦስሎ ክረምት በመጣ ቁጥር ያንን ቀን ይዞብኝ ይመጣል።

ስሜ ይልማ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ኦስሎ የገባሁት በሱዳን በኩል ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቢየርቪካ ያሉትን መስታወት ብቻ የሆኑ ቢሮዎች ሳጸዳ ኖርኩ። ኖርዌይኛዬ የመጥረጊያና የባልዲ ኖርዌይኛ ነው። «ደህና አደራችሁ»፣ «ወለሉ እርጥብ ነው»፣ «አመሰግናለሁ»። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲመጣ ራሴን ነቅንቄ ፈገግ እላለሁ።

የማይረባ ሰው ነበርኩ ማለቴ ግን አይደለም። የእድራችን ዳኛ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ሬሳውን አገር ቤት የምንልከው ወይ እዚሁ የምንቀብረው፣ ሐዘንተኛውን የምናጽናናው በእድሩ ነው። አገር ቤት እድር በጡሩምባ ይጠራል። እዚህ ጡሩምባ ቢነፋ ፖሊስ ይመጣል፤ ስለዚህ የእኔ ድምፅ ነበረች ጡሩምባው። ስልኬን አፌ ላይ አድርጌ «ወገኖቼ፣ ይልማ ነኝ» ስል፣ ከሮመን ሰፈር እስከ ሊንደበርግ ሰፈር ያለው አባል ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይነሣል። ያቺ ድምፅ ከሞትና ከከባድ ሕመም ውጭ ወጥታ አታውቅም ነበር።

ዳዊት የክርስትና ልጄ ነው። አባቱ የስደት ጓደኛዬ ነበር፤ ልጁ እዚህ ሲወለድ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ አባቱ ሲሞትም የቀበርነው እኛ ነን። ተምሮ ትልቅ ሰው ሆነ፤ አንድ ፓርቲ ውስጥ ገብቶ ስሙ ይነሣ ጀመር። አንድ ቀን ቤቴ መጣና ተቀመጠ። ዳዊት ሁልጊዜ «አንተ» ነው የሚለኝ፤ እዚህ የተወለዱ ልጆች አንቱታ አይሆንላቸውም፣ እኔም አልቀየምም። የዚያን ቀን ግን «እርስዎ» አለኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ካልረዱኝ ማን ይረዳኛል?»

«ምን ሆንክ ልጄ?»

ፓርቲው ለሰፈራችን ምክር ቤት ምርጫ ማንን በመጀመሪያው ቦታ እንደሚያቀርብ የሚወስነው በአባላቱ ስብሰባ ነው አለኝ። ከዋናው ምርጫ በፊት እነሱው እርስ በርሳቸው የሚመራረጡበት ማለት ነው። «አናት ላይ የተቀመጠ ይገባል፤ ከታች የወረደ ያጨበጭባል» ብሎ ሣቀ። ለዚያ ቦታ የቀረቡት እሱና ሰናይት ነበሩ።

«የእድሩን ሰው ባለፈው በስልካቸው የፓርቲው አባል አድርጌያቸዋለሁ፣ እርስዎንም ጭምር። ቅዳሜ መጥተው ስሜን ጽፈው ይሄዳሉ፤ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ብጠራቸው ግን አይመጡም። እርስዎ ቢጠሯቸው ይመጣሉ።»

«የእድር ጥሪ እኮ ለሞት ነው፣ ዳዊት።»

«ናይ ናይ» አለ በኖርዌይኛ፣ አይደለም ሲል። «አባባ፣ እንዲመጡ ብቻ ይንገሯቸው። ስለ ምን እንደሆነ መንገድ ላይ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን የክርስትና ልጅ ነው፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ የኔ ልጅ ትልቅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ታየኝና ደስ አለኝ። ስልኬን አነሣሁ። «ወገኖቼ፣ ይልማ ነኝ። ቅዳሜ ረፋድ ሮመን ሚኒባስ ይጠብቃችኋል። አንድም ሰው እንዳይቀር» አልኩ።

አሁን ስለ ሰናይት ልንገራችሁ፤ ይኼን ካላወቃችሁ ኃፍረቴ አይገባችሁም።

ሰናይት ኤርትራዊት ናት፤ ሊንደበርግ ነው የምትኖረው። ልጄ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ታማ ነበር። የታመመው አካሏ አልነበረም፣ አእምሮዋ ነው። ግድግዳ እያየች ትውላለች፤ ሕፃኑ አጠገቧ ሲያለቅስ አትሰማም። ባሏ ጥሏት ሄደ። ያኔ ባርነቫርን የሚባለው፣ ልጆችን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ገባበት፤ ሰናይት እዚያ ትሠራ ነበር። ልጆቹን እናታቸው እስክትድን ድረስ አንድ ደግ ቤተሰብ ዘንድ አስቀመጡልን። ሰናይት እየመጣች ወደ ልጆቹ ትወስደኝ ነበር። ልጄ ስትድን፣ ትልቁን በእጇ ይዛ ትንሹን ታቅፋ፣ ቤታችን ድረስ ያመጣቻቸው እሷው ናት።

እኔ ግን ይኼን፣ እንደ ልጅ ቤታችን ከሚገባው ከዳዊት በቀር፣ ለማንም አላወራሁም። ልጄን «አበደች» እንዳይሏት ፈራሁ። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከወጣ የሚያገባት አይኖርም፣ ባርነሃገው በሚባለው መዋዕለ ሕፃናት እንድትሠራም አይፈቅዱላትም ብዬ። ሰው «ልጆቹ የት ሄዱ?» ሲለኝ «ባርነቫርን» ብዬ ዝም እላለሁ። ያን ስም የሰማ ሐበሻ ደረቱን ይመታል፤ «ወይኔ! ወሰዱባቸው!» ይላል። እኔም አንገቴን እደፋለሁ። ሰው ያዝንልኛል፤ የልጄም ነገር ተሸፍኖ ይቀራል።

እንግዲህ ቅዳሜ ደረሰ። ሮመን ሚኒባሱ ጋ ስደርስ የእድራችን አባል ወይዘሮ አሰለፈች ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ሲያዩኝ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ።

«ማን ነው ጋሽ ይልማ? ይንገሩኝ እንጂ! ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ልንሆን ተጠራን?»

«ለምርጫ ነው። ለዳዊት።»

«ምነው እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ! ቀይ ሻርፕ ነበረኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሞተውን ስገምት ነው ያደርኩት፤ እርስዎንም ሁለት ጊዜ ገድዬዎት ነበር!» ሰው ሁሉ ሣቀ። ሌሎችም ጥቁር የለበሱ ነበሩ፤ አንዱማ የሐዘን ቤት ውሃ ይዞ መጥቶ ነበር፣ በካርቶን።

ሚኒባሱ ሲነሣ ዳዊት ከፊት ወንበር ላይ ወደ እኛ ዞረ። ስለ ሰፈሩና ስለ አረጋውያን መልካም መልካሙን ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያቺን ሴትዮ ታውቋታላችሁ። ባርነቫርን ስትሠራ የማንን ልጆች እንደወሰደች እኔ አልናገርም። አባባ እዚሁ ተቀምጠዋል። የእሳቸውን ቁስል አልነካም።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ኧረ በእግዚአብሔር!» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። «እሷ ነበረች እንዴ ጋሽ ይልማ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «መልሳ ሰጥታናለች» ማለት ብቻ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ በረዶውን አየሁ። ወይዘሮ አሰለፈች እጄን ይዘው ጨመቁት፤ እንባቸው መጣ። ሳይናገር ውሸቱ የታመነለት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ስንወርድ ዳዊትን እጅጌውን ያዝኩት። «ይኼ ነገር ልክ አይደለም።»

«ምኑ? ልጆቹ አልተወሰዱም?»

«ተወስደው ነበር።»

«እሷ አልነበረችም?»

«ነበረች፤ ግን...»

«በቃ! እኔ አንድም ቃል አልዋሸሁም። ቀሪውን ከፈለጉ እርስዎ ይናገሩ። ልጅዎ ምን ሆና እንደነበር ለእድሩ ይንገሩ።» ወዲያው ደግሞ ፈገግ ብሎ ኮቴን አስተካከለልኝ። «ጆሮዎ ስለሚያስቸግርዎት ከፊት ይቀመጡ። ምንም መናገር የለብዎትም።»

ከፊት ተቀመጥኩ። ወይዘሮ አሰለፈች አረጋውያን መጦሪያ ስለሠሩ ኖርዌይኛቸው ከኔ ይሻላል፤ አጠገቤ ሆነው ጆሮዬ ሥር ይተረጉሙልኝ ነበር። ዳዊት ተናገረ፤ ተጨበጨበ። ሰናይት ተናገረች፤ ስለ ትምህርት ቤቶች ነበር። ከዚያ ከኋላ አንድ የዳዊት ጓደኛ እጁን አወጣ። ከሚናገረው ውስጥ እኔ ራሴ የለየሁት ሁለት ቃል ነው፤ «ባርነቫርን» እና «ቤስተፋር»፣ አያት ማለት ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ከፊት የተቀመጥኩትን ሽማግሌ፣ እኔን፣ ተመለከተ። ለምን ከፊት እንደተቀመጥኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

መድረክ ላይ የነበረችው ሰብሳቢ ጠያቂውን ተቆጣችው። «እንዲህ ያለ የግለሰብ ጉዳይ እዚህ አይነሣም አለችው» አሉኝ ወይዘሮ አሰለፈች። ነገሩ ግን አንዴ ተነሥቷል።

ሰናይት ማይክራፎኑን ያዘች። ወደ እኔ አየች። ጣቷን ብትዘረጋ፣ «እሳቸውን ጠይቋቸው» ብትል ያልቅ ነበር። አላለችም።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹ስለሠራሁባቸው ቤተሰቦች አልናገርም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብኝ› አለች።» ከዚያ ወይዘሮ አሰለፈች ከንፈራቸውን መጠጡ። «መልስ የላትም ማለት ነው።»

ለእረፍት ስንወጣ ሰው ቫፈል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ለመውሰድ ተሰለፈ። ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሰናይት በወረቀት ሰሐን ቫፈል ይዛልኝ መጣች፤ ጃም ቀብታዋለች።

«አቦይ ይልማ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ልጄ።»

ዙሪያዋን ቃኘችና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «እሷስ? ትንንሾቹስ ደህና ናቸው?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው።»

«ተመስገን» ብላ ሄደች። ቫፈሉ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በሷ ላይ ምን እየተባለ እንደሆነ እያወቀች የኔን ልጅ ምስጢር በሹክሹክታ ጠበቀችልኝ።

አሁን ይነሣና ይናገራል ትሉ ይሆናል። አልተነሣሁም። ወረቀት ታደለን። ዳዊት ስሙን በእነሱ ፊደል እንዴት እንደምጽፍ አስተምሮኝ ነበርና ጻፍኩት፤ አጥፌ ሰጠሁ።

ዳዊት አሸነፈ። የተበላለጡት በጥቂት ነበር፤ በሚኒባሱ የመጣነው ባንኖር እንደማያሸንፍ ሁሉም ያውቀዋል። ጭብጨባ ሆነ። ሰናይት ተነሥታ ዳዊትን ጨበጠችው፤ ከዚያ ኮቷን ፈለገች። ልትሄድ ነው። ኮቷን ስትለብስ አንዱ እጅጌ ተገልብጦባት እጇን ማስገባት አቃታት፤ ስትታገል አየኋት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብድግ አልኩ።

ሰብሳቢዋ መናገር እንደምፈልግ አይታ ማይክራፎኑን ሰጠችኝ። ከኖርዌይኛዬ «ወለሉ እርጥብ ነው» ብቻ ነው የመጣልኝ። በአማርኛ ጀመርኩ። ሰብሳቢዋ ለዳዊት ምልክት ሰጠችው፤ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ሊተረጉምልኝ።

«እኔ ይልማ ነኝ» አልኩ። «የተባሉት ልጆች የኔ የልጅ ልጆች ናቸው። ማንም አልነጠቀንም። ልጄ አእምሮዋ ታማ ነበር። ሰናይት ልጆቻችንን ጠብቃ፣ እናታቸው ስትድን መልሳ ሰጠችን። እኔ ይኼን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ውሸቱ የኔ ነው።»

ዳዊት ሞቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። ብዙውን አልሰማሁትም፤ ግን «ታክ» የሚለውን ቃል ስጠቀምበት ኖሬ እንዴት ይጠፋኛል? «ታክ» አለ፤ ደግሞ «ታክ» አለ። አመሰግናለሁ ማለት ነው። እኔ ያመሰገንኩት ሰው አልነበረም።

አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ነጫጮቹ ሽማግሌዎች ፈገግ እያሉ፣ አንዲቱ እንዲያውም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። የእድሩ ሰዎች ብቻ አላጨበጨቡም፤ አማርኛ ያውቃሉና ደርቀው ቀሩ። ሰናይት በር ላይ ቆማ ታየኛለች። በሕይወቴ ብዙ ተንቄያለሁ፤ እንደዚያ ጭብጨባ ያዋረደኝ ግን የለም።

ያኔ ወይዘሮ አሰለፈች በጥቁር ልብሳቸው ተነሡ።

«ናይ!» ብለው ጮኹ። «ናይ! ታክ አላለም!» በተሰባበረ ኖርዌይኛቸው፣ ጣታቸውን በዳዊት ላይ ቀስረው፣ ያልኩትን ሁሉ ቃል በቃል ተናገሩ። ሲጨርሱ ወደ ዳዊት ዞረው በአማርኛ፣ «የሞተውን አሁን አወቅሁ። ለካ አንተ ነህ!» አሉት።

ሰብሳቢዋና ሁለት ሰዎች ጥግ ይዘው ተነጋገሩ። ድምፅ የሰጡት ሁሉ አባላት ናቸው፣ ድምፁም ተቆጥሯል፣ ውጤቱ ይጸናል ተባለ። ዳዊት በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «አዋረድከኝ» አለኝ። «እርስዎ» ማለቱ አብቅቶ ነበር።

ወደ በሩ ብሄድ ሰናይት የለችም።

ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ልጄ ሄድኩ፤ ከሰው አፍ ከመስማቷ በፊት እኔ ልንገራት ብዬ። ልብስ እያጠፈች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ስትሰማኝ የትንሹን ልጇን ካልሲ ይዛ ቀረች።

«ስምሽን አጠፋሁት» አልኳት። «ሥራሽን እንዳያሳጣሽ ፈርቻለሁ።»

«የትኛውን ሥራ?»

«ባርነሃገው ነዋ።»

«አባዬ፣ አለቃዬ እኮ ታውቃለች። የሥራ ጓደኞቼም ያውቃሉ። ስቀጠር እኔው ነኝ የነገርኳቸው። ሰናይት በልጆቹ ልደት ትመጣለች፤ አንተ ‹ሰው በዛብኝ› ብለህ ስለምትቀር ነው የማታያት። የማያውቀው ያንተ እድር ብቻ ነበር።» ካልሲውን አስቀመጠች። «ይኼን ሁሉ ዘመን እኔን ነው የሸፈንከው ወይስ ራስህን?»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ፊቴን እንድታጠብ ውሃ አመጣችልኝ፤ በታመመች ጊዜ እኔ ለሷ እንደማደርገው።

በማግስቱ እጄን ይዛ ወደ ሊንደበርግ ወሰደችኝ። ከባቡር ወርደን መንገዱ ያንሸራትታል፤ እግሬን እየጎተትኩ፣ «አገር ቤት ቢሆን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው» አልኳት። መንገዱን አየችና፣ «እዚህ ያለው ጠጠር ነው፤ ልሰብስብልህ?» አለችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ መጀመሪያ የሣቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሰናይት በሩን ከፈተች። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «አቦይ፣ ጉልበትዎ አይችልም፤ ይግቡ» አለች። ገብቼ የሚገባኝን ተናገርኩ። «በጣም ተጎድቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ይቅር አልልዎትም ማለቴ አይደለም። ዛሬ ግን አልችልም።» ያንን ስላለችኝ አከብራታለሁ። «ግድ የለም» ብትለኝ ኖሮ የበለጠ እሞት ነበር። ይቅርታዋ የመጣው ቆይቶ ነው፤ የትንሹ ልጅ ልደት ላይ፣ እኔም ተገኝቼ፣ ቀድሞ ለኔ ኬክ ስትቆርስልኝ።

እድሩ ሲሰበሰብ ሁሉንም በራሴ አፍ ተናግሬ ዳኝነቱን ለቀቅኩ። ወይዘሮ አሰለፈች ተተኩ። ዳዊት ተመርጦ ወንበሩ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ከሩቅ ራሱን ይነቀንቃል። ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ነው፣ እጸልይለታለሁ፤ ያን ቀን ግን እሱ ብቻ አልሠራውም። እሱ ግማሽ እውነት ይዞ መጣ፤ ግማሹን ቀብሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ስለ አንድ ሰው የሚወራ ወሬ ወደ እናንተም ይመጣል። ወሬውን እኔ አላወራሁትም ብላችሁ አትጽናኑ። እኔም አላወራሁትም። እየሰማሁ ወደ መስኮት ብቻ ነው የዞርኩት።

ይኼን ጽፌ ስጨርስ ለልጄ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ልጄ፣ ልጄ ትላለህ። አሁንም ስም የለኝም?» አለችኝ።

«ልጻፈው?»

«ጻፈው እንጂ።»

አዜብ ትባላለች። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቀና ብዬ እንድሄድ ደግፋ ያቆመችኝ እሷ ናት፤ ልጄ አዜብ።